የእትዬ ብርቄ ካርታ

ትናንት ሮም፣ ፒኜቶ የሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ዕድል የሚነበብባቸው የታሮኪ ካርታዎች ተደርድረው አየሁ። ወርቅ የተቀባ አዲስ ዓይነትም ነበር። ሻጯ ግን ዛሬም ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ያው የጥንቱ እንደሆነ ነገረችኝ። ከፍቼ ሳሸተው ልጅነቴ መጣብኝ።

ደርግ አገር ቤት ሰው የሚያስርበት ዘመን ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴና ሌሎች ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች የሐሙስ ዕረፍታቸውን እዚሁ ሮም ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ ካርታ አንባቢዋ እትዬ ብርቄ ቤት ያሳልፉ ነበር። ካርታውን ሁልጊዜ የምትበውዘው እኩያዬ ሰናይት ነበረች። እኔን አንድ ቀን እንኳ ያዢ ብለውኝ አያውቁም። ቅናት አንገበገበኝ።

አንድ ሐሙስ የእናቴ አሠሪ የሰጠችኝን የሚያብረቀርቅ ካርታ ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ፣ በዚህ ያንብቡ፤ እኔ እበውዝልዎታለሁ» አልኳቸው።

አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት።

«ያምራል ልጄ። ግን ሥዕሉ ስለ ራሱ ብዙ ያወራል። የእኔ አሮጌ ዝም ስለሚል የመጣ ሁሉ የራሱን ጉዳይ ያይበታል። ሰው የማይሰለቸውም ለዚህ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ያን ቀን እናቴ ሰናይት አጠገብ ተቀመጠችና፣ ቤት ስሙን የማታነሳውን የታሰረ ወንድሟን አንስታ «በሕይወት አለ?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ብርቄ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። የሰናይትን እጅ ይዛ ስታለቅስ ግን አየሁ።

ሰናይት አሁን ቦሎኛ ነው የምትኖረው። ደህና መሆኗን ስሰማ ደስ ይለኛል። እናቴ የያዘችውን ያን እጇን ሳስብ ግን ዛሬም ይከፋኛል።