የድንጋይ ዓሣ

በ1975 ዓ.ም. ከፊልቱ ወደ ነገሌ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ነጭ ጥምጥም አስረው፣ በዚያ ሙቀት የወታደር ካፖርት ደርበዋል። ጉልበታቸው ላይ በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር እንደ ሕፃን እቅፍ ያደርጉታል።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር ጥቅሉን አስፈታቸው። ከነቅርፊቱ፣ ከነክንፉ ዓሣ የታተመበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር።

«ምንድን ነው አባባ?»

«ዓሣ ነዋ! የውኃ ጉድጓድ ስንቆፍር ወጣ።»

ወታደሩ ስቆ አሳለፋቸው። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። አገሩ ድሮ ባሕር እንደነበር፣ የዚህ ዓሣ ዘርም ከምድር ፈጽሞ እንደጠፋ ነገርኳቸው።

«ዋቃ ይመስገን! እንግዲያው ሁለተኛ አምጣ አትለኝም» አሉ።

«ማን ናት?»

«ሚስቴ። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ልጅ ናት። ዓሣ ይሸታል ብዬ ቤት እንዳይገባ ብከለክል፣ ተቆጥታ ነገሌ ወንድሟ ጋ ገባች። ‹ዓሣ በእጅህ ይዘህ ካልመጣህ አልመለስም› ብላ ላከችብኝ። ይኸው ያዝኩ! ደግሞ አይሸትም።»

ነገሌ ስንቃረብ ግን ሳቃቸው ጠፋ። ጥምጥማቸውን ደጋግመው አስተካከሉ፤ ድንጋዩን በእጅጌያቸው ወለወሉ።

መኪናው ዕቃ ሊያራግፍ ከወንድሟ ሱቅ ፊት ቆመ። ሴትዮዋ ደጅ ላይ ነበረች።

«አካም» ብለው በቀጭን ድምፅ ሰላም አሏት፤ ድንጋዩን ዘረጉላት።

አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችው፤ በጣቷ አንኳኳችው።

«ይሄን የሚችል ድስት እዚህ የለም፤ እቤታችን ነው ያለው» አለችና ጓዟን ልታመጣ ገባች።