የተኩላው ዲቃላ ጤና

ዲላ የሄድኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ክፍል የተከራየሁት በአንዲት ባለሱቅ ግቢ ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ «እንደምን ዋሉ» እላለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ሰው ጠልቼ አይደለም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ነው።

ቡችላውን የሰጠኝ ወደ ገደብ ከተማ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «እናቱ ውሻ ናት፤ አባቱን ግን ተኩላ ነው ይላሉ። የሚወስደው ሰው አጣሁ» አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እግሩ ረዥም፣ ዓይኑ ብጫ ነበር፤ አይጮህም። ሰው ሲመጣ አልጋዬ ሥር ይገባል። በዚህ ወደድኩት።

እንዳይሞትብኝ ስለሰጋሁ፣ ከባዮሎጂ ትምህርት የቀረችኝን ይዤ በየማለዳው እመረምረው ጀመር። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን በጣቴ ጫን አደርጋለሁ፤ ነጣ ይልና ወዲያው ከቀላ ደህና ነው ማለት ነው። ጆሮውን አሸታለሁ። የጎን አጥንቱን እዳስሳለሁ። ትል እንዳለበት ለማወቅ ዓይነ ምድሩን ሳይቀር በእንጨት አገላብጬ አያለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሰው እንዳይስቅብኝ ከጓሮው እንሰት ኋላ ተደብቄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ውሻው አጥሩ ጥግ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ለሀጩ ይንጠባጠባል፤ ዓይኑ ፈጧል።

«አስተማሪዋ፣ እንዳትጠጊው» አሉ ባለሱቋ። «አብዷል። ድሮስ የማይጮህ ውሻ ምን ጤና አለው?»

«ጠዋት ደህና ነበር፣ እትዬ።»

«ተኩላ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል» አሉ ጎረቤታችን፣ እሸት ቡናቸውን እኛ ግቢ ሰሌን ላይ የሚያሰጡት ገበሬ። ዱላ ይዘዋል። «ሰፈሩ ልጅ የሞላበት ነው። ሳይነክስ ይገደል።»

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ላለቅስ የሄድኩ መስሏቸዋል። እንሰቱ ሥር ያስመለሰውን አገኘሁና እንደ ልማዴ በእንጨት አገላበጥኩት፤ ቀይ የቡና ልጣጭና ፍሬ ነበር። በእንሰት ቅጠል ይዤ ተመለስኩ። ፊቴ ይቃጠል ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ቡና ነው። ያንቀጠቀጠው እሱ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «የኔው ነው» አሉ። «ደግሞ የበሰለ የበሰለውን መርጦ።»

«ቡና ሰው ያነቃል እንጂ ያሳብዳል?» አሉ ባለሱቋ።

«አንቺስ ይህን ያህል ጥሬውን ብትበዪ አርፈሽ ትቀመጪ ነበር?» አሏቸው ገበሬው።

ባለሱቋ ሳቃቸውን ዋጡት። ዱላው ግን ከገበሬው እጅ አልወረደም። «ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል» አሉ። «ውሃ ይቅረብለትና ይታይ። ከጠጣ ያንቺ ነው።»

ውሃ መጠጣቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ግን እነሱ የሚያምኑት ምልክት እሱ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጡኝም አልመሰለኝም። ባለሱቋ ጎድጓዳ ሳህን አመጡ። ሞልቼ አስቀመጥኩለትና ራቅ አልኩ።

ውሻው አልጠጣም። ሦስታችንም የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ዓይኔን ከሳህኑ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ባለሱቋ ይህን አይተው ይሆናል፣ እናቴ የት እንደምትኖር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስንት ወንድም እንዳለኝም ጠየቁ። ገበሬው ያሳደጉት ውሻ አንድ ጊዜ ከከርከሮ ጋር ምን እንዳደረገ አወሩ። ባለሱቋ ደግሞ ይርጋጨፌ ስለተዳረችው ልጃቸው ጀመሩ። «ባሏ ክፉ አይደለም፤ ግን እሷ» ሲሉ ውሻው አንገቱን ሰግጎ መጣና ጠጣ። ሳህኑን ጨረሰው። ሄጄ ከንፈሩን ገለጥኩ፤ ድዱ ቀይ ነው።

ገበሬው ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ቡናቸውን ሊያገላብጡ ሄዱ። ባለሱቋ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሳህኑን እንግዲህ ለሱ አድርጊው» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ውሻዬን በማትረፌ የተሰማኝን ደስታ አልክድም። ግን ደረጃው ላይ ብቻዬን ስቀር፣ ትንሽ ቆይቶ ቢጠጣ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። የባለሱቋ ልጅ ምን እንደሆነች ሳልሰማ ቀረሁ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጠይቃቸው አስቤ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። «እንደምን ዋሉ» አልኩ፤ «ደህና» አሉኝ፤ በሬን ከፍቼ ገባሁ።