የሴት በርኖስ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ በእኛ በመንዝ የበርኖሱን ፀጉር የምንፈትለው ሴቶች ነን፣ የሚለብሱት ግን ወንዶች ናቸው።

በርኖስ ከጥቁር በግ ፀጉር የሚሠራ ካባ ነው። ከትከሻ እስከ ባት ይወርዳል፤ በቀኝ ትከሻው ላይ ለጠመንጃ ማንገቻ የተበጀ ሾጠጥ ያለ ጫፍ አለው። ብርድ አያሳልፍም። የባሌን በርኖስ ፀጉሩን አጥቤና ነድፌ፣ ፈትዬም ለሸማኔ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሌሊት የሁለታችን ነበር፤ አብረን እንለብሰዋለን። ሲነጋ የእሱ ይሆናል። የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ዓመት ለቀብር ወጥተን፣ እኔ በውርጭ ነጠላዬን ገልጬ ሳጠባ እሱ በርኖሱን ተከናንቦ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ማታ «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በርኖስ የወንድ ነዋ» አለኝ።

አባቴም ያንኑ አለኝ፤ ሸማኔውም ያንኑ። ይህ ለእኔ መልስ አይደለም። ባሌ ሲሞት በርኖሱን ታናሽ ወንድሙ ወሰደው።

አምና የልጅ ልጄ ደብረ ብርሃን የልብስ ዲዛይን ተምራ መጣች። ዘመሮ ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዋን አስገባች። የተማረችው ሌላ፣ የምትሠራው ሌላ ሆነ፤ የተቀደደ ሱሪ ስትጥፍ ትውላለች። «ሥራ ካላገኘሁ ዓረብ አገር እሄዳለሁ» ማለት ጀመረች። እኔ ለልጄ ብዬ አሠርቼ ያስቀመጥኩትን የበርኖስ ጨርቅ ይዤ ሄድኩ።

«ይህን ስፊልኝ።»

«ለማን፣ እማማ?»

«ለእኔ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሜትሯን አነሳች። ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ።

«ይህን የትከሻውን ሹል ላስቀረው? ጠመንጃ አያነግቱ።»

«ተይው። የፈተልኩት ሁሉ ጫፍ ነበረው፣ የእኔም ይኑረው። ይልቅ ደረቱ ላይ በግራም በቀኝም ማጥቢያ ክፈቺበት።»

«በዚህ ዕድሜዎ ማንን ሊያጠቡ ነው?»

«አንቺስ ነገ አትወልጂም? የእኔን ያየች ሁሉ የእኔን ዓይነት ነው የምታዝዘው።»

ማጥቢያውን በክዳንና በቁልፍ ሸፍና አሳምራ ሰፋችው። ጎረቤቶቼ እየመጡ ዳሰሱት። ወደዱት፤ ግን አንዷም አላዘዘችም። «እርስዎ ለብሰውት ሰንበቴ ይግቡና እናያለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሰንበቴ ተገፍቶ ማን ይኖራል? ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቆም እሱ ነው። እኔ ከተባረርኩ ልጅቷ መኪናዋን ሸጣ እንደምትሄድ አውቅ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ለብሼው ወደ ሰንበቴው ቤት ሄድኩ። ሰብሳቢው ዋርሳዬ፣ ያው የባሌ ወንድም ነው። የወንድሙን በርኖስ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ አውልቀው ይግቡ። ሴት የወንድ ልብስ መልበሷ በመጽሐፍ ክልክል ነው።»

«ያንተን ማን ፈተለው?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ ወንድ ነኛ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«አላወልቅም።»

«እንግዲያው ደጅ ይቀመጡ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጠላውም ዳቦውም ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ አለፉ። የልጅ ልጄ ከኋላዬ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። «ይነሱ እማማ፣ እንሂድ» አለችኝ። አልተነሳሁም።

የንስሐ አባታችን ጸሎታቸውን ጨርሰው መጡ። ነገሩን ሰሙ፤ ጎንበስ ብለው ጨርቁን ዳሰሱ።

«ይህ ክዳን ምንድን ነው?»

«ማጥቢያ ነው፣ አባ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

አባ ወደ ዋርሳዬ ዞሩ። «ና እስኪ። ያንተን አውልቀህ የእሳቸውን ልበስ።»

«እኔ? ጡት ማጥቢያ ያለው? ምን ቆርጦኝ! አገር እንዲስቅብኝ?»

«የወንድ ልብስ ነው አላልክም?»

ከውስጥ የሴቶቹ ሳቅ ተሰማ፤ አሁን የሚስቁት በእሱ ነው።

«ወንድ የማይለብሰው የሴት ነዋ» አሉ አባ። «ፈቀቅ በልላቸው፣ ይግቡ።»