ውሃ አላለችም

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ ይቺን ግን እውጣታለሁ። አንተ አታውቀኝምና ለአንተ ልናገር።

አምቡላንስ ወደ ቀበሌያችን በማይደርስበት ዘመን፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ኩልመስክ ጤና ጣቢያ የምናደርሰው እኛ ወንዶቹ ነበርን። የተሸካሚዎቹ አለቃ እኔ ነኝ። የጎረቤቴ የካሳ ሚስት አለምነሽ ምጥ በያዛት ቀን ገብሴ አውድማ ላይ ተበትኖ ነበር፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ትከሻዬ ቃሬዛው ሥር፣ ዓይኔ ደመናው ላይ ሆኖ ሄድኩ።

አንድ ዳገት ሲቀረን መንገድ ላይ ወለደች። ሴት ልጅ። አማቷ እትብቱን ቆረጡ፤ ተከትለው የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። በራስጌዋ በኩል የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ "አያ ደመቀ፣ ሌላ ልጅ አለ። እንዳትመልሱኝ" አለችኝ።

እልልታው ጋረደኝ ብል ማን ይከራከረኛል? ግን ሰማሁ። በደንብ አድርጌ ሰማሁ።

ካሳ ከወዲያ ሆኖ፣ "ምን አለች?" ብሎ ጮኸ።

"ውሃ ትላለች" አልኩት።

ለምን? ለገብስ! ለአንድ አውድማ ገብስ! "ተገላግላለች፤ እንግዴ ልጁ ቤቷ ይወርዳል፤ እንመለስ" አልኩ። የአለቃ ቃል ነውና ማንም አልተቃወመኝም። ውሃውን አመጡላት። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ተጎነጨች፤ ከዚያ ወዲያ መናገር አቃታት።

ቤቷ እንደደረስን ምጡ መልሶ ያዛት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ በእግሩ መጣ። አልተነፈሰም። እኔ ያን ሰዓት ገብሴን እየሸፈንኩ ነበር። ዝናቡም ሳይጥል ቀረ።

ካሳ እስከ ዛሬ፣ "አያ ደመቀ ባይኖር ሚስቴንም አጣት ነበር" እያለ ለሰው ያወራል። ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉልበቴን ትስማለች። መንታ እንደነበረች ነግረዋታል።

አለምነሽ ግን ለማንም አልተናገረችም። ቤቷ ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ በጣሳ ውሃ ታቀርብልኛለች። ጠላው ለሌላው እንግዳ ነው። እስክጨርስ ቆማ ታየኛለች። ይቅር በይኝ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ከውሃው ጋር ይወርዳል።

ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የምትሰጠው አንተ አይደለህም። እውነቱን ግን አንድ ሰው እንኳ ይስማው። ውሃ አላለችም። ሌላ ልጅ አለ ነው ያለችው።