እናታችሁ ታንብብላችሁ

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን ጻፍኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ከዚያ ወዲያ እርሳስ ጨብጬ አላውቅም። ሎስ አንጀለስ ወንዱ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ በኋላም፣ አዲስ አበባ ለቀሩት ለሴቷ ልጄ ልጆች ደብዳቤ የሚጽፍልኝ እሱ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ «ከእንግዲህ ራስሽ ጻፊላቸው» አለኝ።

«ምን ነካህ? የኔ ጽሕፈት እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። እነሱ ተማሪዎች ናቸው፣ ይስቁብኛል!»

«ይሳቁ፣ እማዬ። ቢስቁ ጥሩ ነው።»

ተናደድኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ስለሚውል ደክሞት፣ እኔም ሰልችቼው መሰለኝ። በእልህ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ወርጄ ደብተር ገዛሁ። ጾሙን ስጽፍ ስቀድ፣ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩ። በመጨረሻ «ማን አባቱ ይስቅብኛል!» ብዬ አንዱን ጨረስኩት። ስለ ጎረቤታችን ውሻ ጻፍኩላቸው፤ ሹራብ ለብሶ ስለሚሄደው። ግርጌው ላይ «ፊደሌ ካስቸገራችሁ እናታችሁ ታንብብላችሁ» አልኩና አሽጌ ሰጠሁት። ልጄ ሲቀበለኝ እጄን ሳመኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በር ተንኳኳ። ብከፍተው ቄሱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ታክሲያቸውን አቁመው የመጡ ወንዶች ደረጃውን ሞልተውታል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ዞሬ ልጄን አየሁት። አንገቱን ደፋ።

ሴቷ ልጄ ጾሙ ሳይገባ ሞታ ኖሯል። በዓሉ ይለፍላት ብለው ደብቀውኝ ነው። ወይኔ ልጄን!

ለቀስተኛው ሲሄድ ልጄን ያዝኩት። «ታዲያ ለምን አስጻፍከኝ?»

«ሁልጊዜ ‹እናታችሁን ሳሙልኝ› ትያለሽ። እሱን ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ» አለና አለቀሰ።

በሱ አልፈረድኩም። እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ደብዳቤዬን ተቀብለው ግርጌው ላይ ሲደርሱ ምን ሆኑ? ወረቀቱን ይዘው ወደ ማን ሄዱ?

እንደገና ለመጻፍ ስቀመጥ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈራሁ። ግን ጻፍኩ። እያንዳንዷን ፊደል ቀስ ብዬ፣ አተልቄ፣ አራርቄ ጻፍኩ፤ ትንሿ የልጅ ልጄም ብትሆን ብቻዋን እንድታነበው።