ከነገሌ ዶሎ የዘረጋነው ሐዲድ

ቡሌ ሆራ በምሠራበት ቢሮ ውስጥ አንድ ዕድሜ የጠገበ ኮምፒውተር አለ። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አቧራ ይቃጠላል መሰለኝ፣ ካውያ የነካው ጨርቅ ዓይነት ሽታ ያመጣል። ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ ግን፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ጠጋ ብዬ አሸተዋለሁ። ያ ሽታ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ወደምውልበት የነገሌ ኮምፒውተር ቤት ይወስደኛል።

ቤቱ ገበያው አጠገብ ነበር። ከፊት እናትየው ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ልጇ ሦስት ኮምፒውተር ደርድሮ ታይፕ ያስተምራል። ወንበር የለም፤ ሁላችንም አንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው። እኔ ጀማሪዎቹን ስለማለማምድለት ከሰዓት ከሰዓት እንደልቤ እንድጠቀም ፈቅዶልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከናዝሬት ሲመለስ ሲዲ ይዞ መጣ። የባቡር ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስልህ መንዳት ብቻ እንዳይመስልህ፤ መሬቱን ራስህ ትሠራለህ፣ ሐዲዱን ራስህ ትዘረጋለህ፣ የሐዲዱን ስፋት እንኳ ያስመርጥሃል። ጠባቡን መረጥኩ። የድሬዳዋው ባቡር በጠባብ ሐዲድ ነው የሚሄደው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አባቴ ደግሞ እዚያ ባቡር ነጂ ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ። የባቡሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ የእናቴ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ነገሌ መጥቶ ጋራዥ ገባ፤ የውሃ ፓምፕ ሞተር ይጠግናል። ስለ ባቡር አንዲት ቃል ከአፉ አትወጣም። ትንሽ ልጅ ሆኜ "አባዬ፣ ባቡር ምን ይመስላል?" ብለው፣ "ብረት ነው" ብሎኝ ተነስቶ ወጣ። እናቴ "ቁስሉን አትነካኪበት" ትለኛለች። የባቡር ነጂ ልጅ ሆኜ ባቡር በዓይኔ አይቼ አለማወቄ ያንገበግበኝ ነበር። እንዲያጫውተኝ ነበር የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከነገሌ ዶሎ ኦዶ ሐዲድ መዘርጋት ጀመርኩ። የማውቀው የሚኒባስ መንገድ ብቻ ስለሆነ ባቡሬን ሚኒባስ አደረግኩት። ኬላው ጋ ማቆሚያ፣ መስጊዱ ጋ ማቆሚያ፣ ጫት የሚሸጥበት ዛፍ ሥር ማቆሚያ፤ "ወራጅ አለ" ላለው ሁሉ የሚቆም ባቡር። ወደ ቆላው የሚወስደውን ቁልቁለትም በቀጥታ አወረድኩት፤ አይሱዙ ይወርደው የለ? ባቡሬ ግን ፍሬን አልይዝ ብሎ ከሐዲድ ወጣና ግራሩ ውስጥ ተገለበጠ።

በማግስቱ ስመጣ ማቆሚያዎቼ የሉም። ከዚያ ሁሉ ሦስት ብቻ ቀርተዋል። ሐዲዱ ተራራውን እየዞረ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ተደርጓል። "የነገሌ ባቡር ጣቢያ" ብዬ የጻፍኩት ደግሞ "ነገሌ ለገሃር" ሆኗል። ደሜ ፈላ።

"አካም፣ ኢንጂነር" ብሎ ሰላም አለኝ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት። ሐዲድ ከጀመርኩ ወዲህ ያወጣልኝ ስም ነው።

"ማነው ሥራዬን የነካው?"

"እኔ ምን አውቄ" አለና ትንሽ ቆይቶ አላስቻለውም። "አባ... አባትሽ ናቸው ባክሽ። ጄኔሬተሬን ሊጠግኑ መጥተው ያንቺን ሐዲድ አዩ፤ ማውስ አያያዝ አሳየኋቸው። ይኼው ዛሬም ጋራዡ በረድ ሲል ብቅ አሉ። እንዳትነግራት ብለውኛል።"

ራት ላይ አባቴ "ትምህርት እንዴት ነው?" አለኝ፤ "ደህና" አልኩት። በዚሁ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ ግን አባቴን መጠየቂያ መንገድ አገኘሁ። ከሰዓት እኔ አበላሻለሁ፣ ጠዋት እሱ ያቃናል። ድልድይ አፍ ላይ ኩርባ ሠራሁ፤ በማግስቱ ከድልድዩ በፊት ረጅም ቀጥ ያለ ሐዲድ አገኘሁ። ለካስ ድልድይ እየታጠፉ አይገባም። ከዶሎ ሌላ ባቡር ባስነሳ ሁለቱ መሀል መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ አንዱ ቆሞ ሌላውን የሚያሳልፍበት ሁለተኛ ሐዲድ ተጨምሯል። ግመሎች የሚያቋርጡበት ቦታ ላይ ሳይደረስ ፊሽካ የሚነፋበት ምልክት ተተክሏል። አንዳንዴ ሆን ብዬ ነበር የማጠፋው። ምን ብሎ እንደሚመልስልኝ ለማየት ትምህርት ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት ያቅተኝ ነበር።

አንድ አርብ መምህራኑ ስብሰባ ነበራቸውና በአራት ሰዓት ለቀቁን። በቀጥታ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ፣ አባቴ ቱታውን እንደለበሰ አግዳሚው መሀል ተቀምጧል። ከሱ ሌላ ሰው የለም። ማውሱን እንደ እንቁላል በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ባቡሩን እየነዳ ነበር። ኩርባ ላይ ሲደርስ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ አንገቱን ወደ ጎን ያወጣል፤ በመስኮት ወደ ኋላ ፉርጎዎቹን ሲቃኝ ኖሮ የለመደበት ነው። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነበር። እቤታችን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ደስም አለኝ፣ ቀናሁም።

ዞር ሲል አየኝ። ፈገግታው ጠፋ። ከመሀል ተንፏቅቆ ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄደ። አፍሮ ሊነሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ደንግጬ መጋረጃውን ለቀቅኩና ወጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሶ አልሄደም። ያበላሸሁት ሐዲድ እንደተበላሸ ይቆየኝ ጀመር፣ እኔም ተውኩት። ተፈተንኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። ስለ ባቡር አንድ ቀን እንኳ አላወራንም።

ለቅሶው ላይ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት መጣ። ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። "ያጽናሽ" ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ያን አርብ ትዝ ይልሻል?" አለኝ። "አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ለጁምዓ እስክዘጋ ድረስ ጫፉ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። አንድ ተማሪ ገብቶ አጠገባቸው ልቀመጥ ቢል ከለከሉት። 'ተይዟል፣ ልጄ ትመጣለች' አሉት።"

እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ከመንገዱ ማዶ፣ ባጃጆቹ ጋ ቆሜ፣ እሱ እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነበር።