ከየኔታ ጋር ቀይ ቀበሮ ፍለጋ

ንጋት፣ ላሊበላ

ጎሕ ሲቀድ ባጃጃችን እየተንገጫገጨች ዳገቱን ትወጣለች። ከጎኔ የኔታ ጥበቡ ተቀምጠዋል፤ የዜማ መምህር፣ የስንዱ አባት። ስንዱ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። ሽማግሌ ብልክ የኔታ አብልተው አጠጥተው፣ «ሰው የሚታወቀው በመንገድ ነው። ልጁ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይውሰደኝና ቀይ ቀበሮ ያሳየኝ» ብለው መለሷቸው። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተራራው ሥር ኖረው ቀበሮ አይተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ጋሸና ላይ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ የማውቀው ዳገት የሱቄን ደረጃ ብቻ ነው።

«ተራራ ለምደሃል?» አሉኝ።

«በደንብ እንጂ የኔታ!»

ሾፌሩ ነጭ ስኒከሬን በመስታወት አየና ሳቁን ዋጠ።

ረፋድ፣ ዳገቱ ላይ

ባጃጇ በቃኝ ካለችበት መንደር ሙሉ የምትባለው አስጎብኚያችን ተቀበለችን፤ የዚያው ቀዬ ልጅ ናት። «አትጩኹ። እንስሳቱን አታባርሩ። ጭላዳ ዝንጀሮ ፊት ጥርስ አታሳዩ» አለች። የመጨረሻውን አልሰማሁም፤ የራሴ ትንፋሽ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

የገብሱ ማሳ አለቀ፣ የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፣ ጓሳ ሣር መጣ። እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል፤ ጎፈሬ ያበቀለ ምሰሶ ይመስላል። የኔታ በኮንጎ ጫማቸው፣ ዣንጥላቸውን እየተመረኮዙ፣ ዜማ እያንጎራጎሩ ከፊት ይሄዳሉ።

«አስናቀ፣ አለህ?» ይሉኛል ዘወር እያሉ።

«አለሁ የኔታ!» ይህችን ለማለት ቁጭ ብዬ ማረፍ ነበረብኝ።

እኩለ ቀን፣ ጭላዳዎቹ ዘንድ

ሜዳው ላይ ጭላዳዎች እንደ ሠርገኛ ተደርድረው ሣር ይነጫሉ። አንዱ ወንድ ጎፈሬውን ለነፋስ ለቆ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ይዞ ለብቻው ተቀምጧል። አብሬው ፎቶ ልነሣ ተጠጋሁ። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ።

«ፈገግ አለልኝ!» አልኩና እኔም ጥርሴን ሁሉ አወጣሁለት።

«ጥርስህን ክደን!» አለች ሙሉ። ግን ዘግይቷል። ጭላዳው መሬቱን ደበደበና ወደ እኔ መጣ።

ሮጥኩ። የወደፊት አማቴን እዚያው ትቼ ሮጥኩ! የኔታ ዣንጥላቸውን ቧ አድርገው ሲከፍቱ ጭላዳው ደንግጦ ወደ ሣሩ ተመለሰ። ይህን የነገረችኝ ሙሉ ናት፤ እኔ ያን ጊዜ ጓሳው ውስጥ በግንባሬ ተደፍቼ፣ አንድ እግሬ የፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። «በቃ፣ ስንዱ አመለጠችህ» እላለሁ ለራሴ።

ልነሣ ስል የሙሉ ሹክሹክታ መጣ፤ «እንዳትነቃነቅ!»

ቀይ ቀበሮ ነው! አንገቱ ሥር ነጭ፣ አፉ ሾጣጣ፣ ቅልጥሙ ረጅም። ፍልፈል እያሸተተ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። ለካ እግሬን የከተትኩት ምሳው ውስጥ ኖሯል። ስኒከሬን አሸተተ፣ ጀርባዬን አሸተተ። ሣሩ አፍንጫዬን ይኮረኩረኛል፤ ላስነጥስ ምንም አልቀረኝም። ከኋላዬ የኔታን ሰማኋቸው። ያ ቅኔ ማኅሌቱን የሚያናጋው ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ «እግዚኦ ሥራህ!» ይላል።

ባስነጥስ ይሸሻል። የኔታ ደግሞ ገና አይተው አልጠገቡም። ስለዚህ ጥርሴን ነከስኩ። ቀበሮው ግን ዞር አለና እግሩን አንሥቶ ጃኬቴ ላይ ሸናብኝ። ይሞቃል። አሁንም አልተነቃነቅኩም።

ከሄደ በኋላ የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እግሬን ከጉድጓዱ እየጎተቱ፣ «ሩጫህ አያምርም» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «አተኛኘትህ ግን ግሩም ነው።»

ምሽት፣ ላሊበላ

ስንመለስ የባጃጇ ሾፌር ነፋስ እንዲገባ በሁለቱም በኩል ሸራውን ገለጠው። ስንዱ በር ላይ ጠበቀችን፤ ገና ሳልጠጋት አፍንጫዋን ያዘች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

የኔታ ጫማቸውን ከደጃፉ አወለቁ።

«ለባልሽ ውሃ አሙቂለት» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ስንዱና እኔ ተያየን። እጇን ከአፍንጫዋ ማንሣት ረስታ ሳቀች።